የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ኔትወርክና ደህንነት በውል ስለማስተዳደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የኔትወርክ አስተዳደራቸውንና የመረጃ ደህንነት ክትትላቸውን በውል ለውጭ ድርጅት ለሰጡ ወይም ለመስጠት ለተዘጋጁ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎችና ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። መልሶቹን የጻፍነው በተቋራጩ ወገን ለዓመታት የሠራን ባለሙያዎች ነን፤ ጥያቄዎቹ ደግሞ በውል ድርድር፣ በወርሃዊ የሥራ ግምገማና አንዳንዴም በእኩለ ሌሊት የስልክ ጥሪ የቀረቡልን ናቸው።

ተቋራጩ የሚሠራው በትክክል ምንድን ነው?

ሥራው ሁለት ዘርፍ አለው። የመጀመሪያው የኔትወርክ ኦፕሬሽን ነው፤ ራውተሮችን፣ ስዊቾችን፣ ፋየርዎሎችን (ያልተፈቀደ የኔትወርክ እንቅስቃሴን የሚያግዱ መሣሪያዎች)፣ ሰርቨሮችንና የቅርንጫፍ መሥሪያ ቤቶችን መስመሮች ሌት ተቀን መከታተል፣ ሲበላሹ መጠገን፣ አቅማቸው ሊሞላ ሲቃረብም አስቀድሞ ማሳወቅ ማለት ነው። ይህን የሚሠራው ክፍል በሙያው አጠራር ኖክ ይባላል። ሁለተኛው የደህንነት ክትትል ሲሆን፣ ሶክ የሚባለው ክፍል ከየመሣሪያው የሚመጣውን የሎግ መዝገብ፣ ማለትም መሣሪያው የተደረገበትን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ እየሰበሰበ ያልተፈቀደ መግቢያ፣ ያልተለመደ እንቅስቃሴና የጥቃት ምልክት ይፈልጋል።

ሁለቱ ክፍሎች በአንድ አዳራሽ ቢቀመጡም የሚያዩት ነገር አንድ አይደለም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከአንድ የፋይል ሰርቨር 40 ጊጋባይት የሚሆን መረጃ ወደ ውጭ ቢወጣ፣ ለኖክ ባለሙያ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ተጨናነቀ እንጂ አልተቋረጠም። ለሶክ ባለሙያ ግን ያው መስመር የስርቆት ምልክት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ተቋራጭ «ሁለቱንም እንሠራለን» ሲላችሁ፣ ሁለቱን የሚያገናኛቸው አሠራር ምን እንደሆነና የኖክ ባለሙያ የተጠራጠረውን ነገር ለሶክ በምን ያህል ደቂቃ እንደሚያስተላልፍ ጠይቁት።

ብዙ ጊዜ ጭቅጭቅ የሚነሳው በወሰኑ ላይ ነው። የሠራተኛው ኮምፒውተር፣ ፕሪንተሩ፣ መሥሪያ ቤቱ በራሱ ያሠራው ሶፍትዌር፣ የቴሌኮም አቅራቢው መስመር በማን በኩል እንደሚወድቅ በውሉ ላይ ካልተጻፈ፣ ችግር በደረሰ ቀን ሦስት ወገን እርስ በርሱ ጣት እየተቀሳሰረ ተገልጋዩ ወረፋ ላይ ይቆማል።

ሥራውን በውል ከሰጠን በኋላ ተጠያቂነቱም ወደ ተቋራጩ ይሄዳል?

አይሄድም። ተቋራጩ በውሉ መሠረት ይጠየቃል፣ ቅጣት ይከፍላል፣ ውሉም ሊቋረጥበት ይችላል፤ በሕዝብና በሕግ ፊት ግን ለዜጋው መረጃ መልስ የሚሰጠው መሥሪያ ቤቱ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የመረጃ ደህንነት ሕግ ይህን በግልጽ አስቀምጦታል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጥቶ በ2014 የተሻሻለው ይህ ሕግ የመሥሪያ ቤቱን የበላይ ኃላፊ የሚጠይቀው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ስለሚያንቀሳቅሳቸው ሲስተሞች ብቻ ሳይሆን ተቋራጭ በመሥሪያ ቤቱ ስም ስለሚያንቀሳቅሳቸውም ጭምር ነው።

በተግባርም የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነው የአሜሪካ የፌዴራል ሠራተኞች አስተዳደር ቢሮ የመረጃ ዝርፊያ የ21.5 ሚሊዮን ሰዎች የግል መረጃ የተወሰደ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 5.6 ሚሊዮን ያህሉ የጣት አሻራቸው ጭምር ተወስዷል። ጥቃት አድራሾቹ ከተጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ ለአንድ ተቋራጭ የተሰጠ የመግቢያ አካውንት ነበር። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ከኃላፊነታቸው የለቀቁት ግን የቢሮው ዳይሬክተር ናቸው። የይለፍ ቃል በቀላሉ ይቀየራል፤ የጣት አሻራ ግን ከተወሰደ በኋላ አይቀየርም፤ የመንግሥት መረጃ ከሌላው የሚለየው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ከዚህ የተነሳ ለደንበኞቻችን ሁልጊዜ የምንመክረው አንድ ነገር አለ፦ ሥራውን ስጡ፣ እውቀቱንና ቁልፉን ግን አትስጡ። የኔትወርኩ ንድፍ፣ የመሣሪያዎቹ ዝርዝር፣ የውቅረት ፋይሎቹ (የመሣሪያዎቹ አሠራር ቅንብር የተጻፈባቸው) ቅጂና የመጨረሻው የአስተዳዳሪ አካውንት በመሥሪያ ቤቱ እጅ መኖር አለባቸው። ሪፖርታችንን አንብቦ «ይህ ቁጥር ከባለፈው ወር ለምን ተለየ?» ብሎ የሚሞግተን ቢያንስ አንድ ባለሙያ ከእናንተ በኩል ሲኖር እኛም የተሻለ እንሠራለን።

በኖክ ውስጥ አንድ ፈረቃ ምን ይመስላል?

ፈረቃ የሚጀምረው በርክክብ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ወጪው ባለሙያ ከወንበሩ ሳይነሳ ገቢው አጠገቡ ይቀመጥና የፈረቃ መዝገቡን አብረው ያነባሉ፤ ያልተዘጉ ቲኬቶች (የተመዘገቡ የብልሽት ጉዳዮች)፣ ከቴሌኮም አቅራቢው መልስ የሚጠበቅባቸው ጉዳዮች፣ በዕለቱ የተያዘ የጥገና ፕሮግራም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንዳይጮሁ የተደረጉ ማንቂያዎችና ምክንያታቸው።

የመጨረሻውን በተለይ የምናነሳው ዋጋ ከፍለን ስለተማርነው ነው። በአንድ ወቅት የአንድ መሥሪያ ቤት መጠባበቂያ መስመር ተቋርጦ ነበር። ዋናው መስመር ስለሚሠራ ማንም አላማረረም፤ ማንቂያው በየአምስት ደቂቃው ስለሚጮህ የሌሊቱ ባለሙያ «አቅራቢው ነገ ይጠግነዋል» ብሎ ዘጋው፤ በርክክቡ ላይ ግን አልጻፈውም። ከሁለት ቀን በኋላ የመንገድ ሠራተኞች ዋናውን ፋይበር ሲቆርጡት ወደ መጠባበቂያው የሚዞር ነገር አልነበረም። ሦስት ሰዓት ያህል አንድም ተገልጋይ አልተስተናገደም። መሣሪያው ጥፋት አልነበረበትም፤ ጥፋቱ የኛ የርክክብ ጉድለት ነበር፣ ለደንበኛችንም ይህንኑ ጽፈን አስረከብን። ከዚያ ወዲህ የጊዜ ገደብ የሌለው የማንቂያ መዝጋት በሲስተማችን ላይ እንዳይቻል አድርገናል፤ ማንኛውም የተዘጋ ማንቂያ ቢበዛ በስምንት ሰዓት ውስጥ በራሱ ይከፈታል።

የቀረው ጊዜ ማንቂያን ከማንቂያ በመለየት ያልፋል። አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የመብራት መጥፋት ወይም የመስመር መቆረጥ ነው። አምስት ቅርንጫፎች በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከጠፉ ግን ለአምስቱም እየደወሉ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም፤ አምስቱ የሚጋሩትን መሣሪያ መፈለግ ይበቃል። ጥሩ ባለሙያ የሚታወቀው በዚህ ነው።

በውሉ ላይ የተጻፈው «99.9 በመቶ» ምን ማለት ነው?

በዓመት ውስጥ አገልግሎቱ ቢበዛ ለ8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ሊቋረጥ ይችላል ማለት ነው። 99 በመቶ ከሆነ ከሦስት ቀን ተኩል በላይ፣ 99.99 በመቶ ከሆነ ደግሞ 53 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። አንዲት ዘጠኝ በተጨመረች ቁጥር ወጪው በእጅጉ ይንራል፤ ምክንያቱም ሁለተኛ መስመር፣ ሁለተኛ መሣሪያ፣ ሁለተኛ የኃይል ምንጭ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው ይጠይቃል። ስለዚህ ለሁሉም ሲስተም አንድ ዓይነት ቁጥር መጻፍ ገንዘብ ማባከን ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ አጥብቃችሁ ልታዩት የሚገባው አለካኩ ነው። የሚለካው በወር ነው ወይስ በዓመት? በዓመት ከሆነ ስምንቱ ሰዓት በአንድ የሥራ ቀን ቢያልቅ እንኳ ውሉ አልተጣሰም። በፕሮግራም የተያዘ ጥገና ይቆጠራል ወይ? የሚለካውስ ከየት ነው? ሰርቨሩ በዳታ ሴንተሩ ውስጥ «በርቷል» ተብሎ ሲመዘገብ በቅርንጫፉ መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ግን ገጹ እየተንከባለለባት ተገልጋይ ልትመልስ ትችላለች። ልኬቱ ከእሷ መቀመጫ መጀመር አለበት።

ቅጣትን በተመለከተም አንድ የምናምንበት ነገር እንናገር። ራሱ ደርሶበት ያሳወቀውን ተቋራጭ፣ ደብቆ ከተያዘው እኩል የሚቀጣ ውል መደበቅን ያስተምራል። ዘግይቶ ማሳወቅን ከብልሽቱ በላይ የሚቀጣ ውል ግን ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።

የደህንነት ማሻሻያ ከወጣ በኋላ በስንት ቀን መጫን አለበት?

መልሱ እንደ ክፍተቱ ክብደትና መሣሪያው ለኢንተርኔት ክፍት እንደመሆኑ ይለያያል። ማነጻጸሪያ ለሚፈልግ፣ የአሜሪካ የሳይበር ደህንነትና የመሠረተ ልማት ደህንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለኢንተርኔት ክፍት በሆኑ ሲስተሞች ላይ የተገኘ እጅግ አሳሳቢ ክፍተት በ15 ቀን፣ ከፍተኛ የተባለው ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ እንዲዘጋ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አዝዟል። እ.ኤ.አ. በ2021 ኖቬምበር ደግሞ ጥቃት አድራሾች በተግባር እየተጠቀሙባቸው መሆኑ የተረጋገጠ ክፍተቶችን ዝርዝር ማውጣት ጀመረ። እኛ ቅደም ተከተል የምናወጣው በዚህ ዓይነት ዝርዝር ነው፤ በክብደት ነጥቡ ዝቅ ያለ ሆኖ ሰዎች እየገቡበት ያለ ክፍተት፣ ነጥቡ ከፍ ያለ ሆኖ ማንም ከማይነካው ይቀድማል።

መዘግየት የሚያመጣውን ለማየት ዋናክራይ የተባለውን፣ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጥቃት ማስታወስ ይበቃል። ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚዘጋውን ማሻሻያ ያወጣው እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2017 ነበር፤ ጥቃቱ የተነሳው ሜይ 12 ቀን ነው። በመካከሉ 59 ቀናት ነበሩ። በእነዚህ ቀናት ማሻሻያውን የጫነ መሥሪያ ቤት ከዚያ ክፍተት ተጠብቋል፤ ያልጫኑት ግን፣ የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሆስፒታሎችን ጨምሮ፣ ኮምፒውተሮቻቸው ተቆልፈው በሺዎች የሚቆጠሩ የሕሙማን ቀጠሮዎችን ለመሰረዝ ተገደዋል።

የምንዘገይበትም ምክንያት አለ፤ አንደብቅም። ማሻሻያ ራሱ ሲስተም ሊያቆም ይችላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በመሞከሪያ ላይ ይጫናል። ከዚያም መሥሪያ ቤቱ ሲስተሙን ለሁለት ሰዓት እንዲያቆምልን እንጠይቃለን፤ መልሱ «የበጀት መዝጊያ ነው፣ አሁን አይቻልም» ይሆናል። በወሩም ሌላ ምክንያት ይመጣል። የጥገና ሰዓቱ በውሉ ውስጥ አስቀድሞ፣ ለምሳሌ በየወሩ በሁለተኛው ቅዳሜ ሌሊት ተብሎ ካልተቆረጠ ተቋራጩና መሥሪያ ቤቱ እየተጠባበቁ ቀኑ ይነጉዳል። ማቆም በፍጹም ካልተቻለ ቢያንስ መሣሪያው ከኢንተርኔት እንዲለይ በጽሑፍ ይወሰን፤ አደጋውን የተቀበለው ኃላፊም በስሙ ይፈርምበት።

የታመነ አቅራቢ የሰጠን ሶፍትዌር አደጋ ሊሆን ይችላል?

ይችላል፤ ጉዳዩ ከሌላው ይልቅ እኛን ተቋራጮችን ይነካል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 የታወቀው የሶላርዊንድስ ጥቃት የገባው ይኸው ኩባንያ በሚያመርተው ኦሪዮን በተባለ የኔትወርክ መከታተያ ሶፍትዌር ውስጥ ነበር፤ ይኸውም ኖክ በየቀኑ የሚሠራበት ዓይነት መሣሪያ ነው። አጥቂዎቹ ተንኮል አዘሉን ኮድ አምራቹ በራሱ ፊርማ ባሰራጨው ማሻሻያ ውስጥ አስገቡት። ማሻሻያው ወደ 18,000 የሚጠጉ ደንበኞች ዘንድ የደረሰ ሲሆን፣ አጥቂዎቹ ከዚያ መርጠው ጠልቀው ከገቡባቸው መካከል ዘጠኝ የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ይገኙበታል።

መከታተያ ሰርቨር ለአጥቂ የሚያጓጓ ነገር አለው፤ የሁሉንም መሣሪያ አድራሻ ያውቃል፣ የብዙዎቹንም የመግቢያ ቃል ይዟል። ስለዚህ ይህ ሰርቨር ከተራው ኔትወርክ በተለየ የአስተዳደር ኔትወርክ ውስጥ እንዲቀመጥ፣ ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣው መንገድም በስም ለተፈቀዱ አድራሻዎች ብቻ እንዲሆን እናደርጋለን። በኦሪዮን ጉዳይም ተንኮል አዘሉ ኮድ ትእዛዝ ለመቀበል ወደ ውጭ መውጣት ነበረበት፤ ሰርቨሩ ወደ ኢንተርኔት እንዳይወጣ የተከለከለበት ቦታ ኮዱ ተጭኖም ምንም ሊሠራ አይችልም ነበር። አንድ የፋየርዎል ደንብ ነው፤ ከዋጋው አንጻር ከዚህ የሚበልጥ መከላከያ እምብዛም አናውቅም።

የሎግ መዝገብ ለምን ያህል ጊዜ መቀመጥ አለበት?

የአሜሪካ የአስተዳደርና በጀት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2021 ኦገስት ያወጣው መመሪያ ለአብዛኛው ዓይነት ሎግ 12 ወር ወዲያውኑ ሊፈለግበት በሚችል ማከማቻ፣ ተጨማሪ 18 ወር ደግሞ በርካሹ ማከማቻ እንዲቀመጥ ይጠይቃል። ለሌላውም መነሻ ሊሆን የሚችል መጠን ነው። ሠላሳ ቀን ብቻ የሚያስቀምጥ መሥሪያ ቤት፣ አጥቂው የገባው ከአራት ወር በፊት ከሆነ፣ በየት እንደገባ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ በየት እንደገባ ካልታወቀ ደግሞ በሩ መዘጋቱን ማረጋገጥ አይቻልም።

ከቆይታው በፊት ግን ሰዓቱን አስተካክሉ። በአንድ ምርመራ ላይ የፋየርዎሉ ሰዓት ከሰርቨሩ በሰባት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቶ አገኘነው። በመዝገቦቹ መሠረት መረጃው የወጣው ሰውየው ከመግባቱ በፊት ሆኖ ታየ፤ ግማሽ ቀን ሙሉ የሌለ ሁለተኛ ሰው ስንፈልግ ዋልን። ሁሉም መሣሪያ ከአንድ የሰዓት ምንጭ ጊዜውን እንዲቀዳ ማድረግ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ሎጎቹ የሚቀመጡበት ቦታም የመሣሪያዎቹ አስተዳዳሪ ሊሰርዘው የማይችል መሆን አለበት፤ እዚህ ላይ አስተዳዳሪ ስንል የራሳችንንም ሰዎች ይጨምራል።

የሠራተኞች የይለፍ ቃል በየ90 ቀኑ መቀየር አለበት?

የቆየ ልማድ ነው፤ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ብሔራዊ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየር እንዲቀር መክሯል። ሰው በግድ ሲቀይር መጨረሻ ላይ ያለውን 3 ወደ 4 ይለውጣል፣ ወይም ወረቀት ላይ ጽፎ ኪቦርዱ ሥር ያስቀምጣል። ረጅም የይለፍ ቃል፣ ቀደም ሲል ከወጡ የተሰረቁ ዝርዝሮች ጋር ማመሳከር፣ መሰረቁ ሲጠረጠር ወዲያው ማስቀየር፣ ከዚህም ጋር ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ መጠየቅ) የተሻለ ይጠብቃል። የተቋራጩን ሠራተኞች በተመለከተ ግን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ በፍጹም ለድርድር መቅረብ የለበትም፤ እያንዳንዱ ባለሙያ በራሱ ስም አካውንት ይኑረው፤ ኢሜይል የሚያነብበትና መሣሪያ የሚያስተዳድርበት አካውንትም ይለያይ። «አድሚን» የሚል አንድ አካውንት ስምንት ሰዎች ከተጋሩት፣ ማን ምን እንዳደረገ የሚናገር መዝገብ የለም ማለት ነው።

ትንሽ ለውጥ ለማድረግ ይህ ሁሉ ፊርማ ለምን ያስፈልጋል?

ትልልቅ መቋረጦች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከጥቃት ሳይሆን ከጥገና ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም የጠፋው በመደበኛ ጥገና ላይ በተሰጠ አንድ ትእዛዝ ነበር። ትእዛዙ የዳታ ሴንተሮቹን የጀርባ አጥንት መስመር አቋረጠ፤ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ እንዲያግድ የተሠራው መፈተሻ ራሱ እንከን ስለነበረበት አላገደውም። ከዚያ የድረ ገጽ ስምን ወደ ኔትወርክ አድራሻ የሚተረጉሙት የዲኤንኤስ ሰርቨሮቹ አድራሻቸውን ከኢንተርኔት ላይ አነሱ። ባለሙያዎቹም ችግሩን ከርቀት መጠገን አቃታቸው፤ የሚጠግኑበት መንገድ የተበላሸው ኔትወርክ ራሱ ነበርና። በአካል ሲሄዱም የሕንፃዎቹና የመሣሪያዎቹ ጥበቃ አዘገያቸው።

ስለዚህ የለውጥ ጥያቄ ቅጻችን ላይ ሳይሞላ የማይታለፈው ቦታ «ካልተሳካ እንዴት ትመለሳለህ? እስከ ስንት ሰዓት ካልሠራ ትመለሳለህ?» የሚለው ነው። የመመለሻውን ሰዓት አስቀድሞ ያልወሰነ ባለሙያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ «አንድ ነገር ብቻ ልሞክር» እያለ ያነጋል። ከዋናው ኔትወርክ ውጭ የሆነ፣ ለምሳሌ በሞባይል መስመር የሚሠራ፣ ወደ ዋና መሣሪያዎች የሚያስገባ መንገድም መኖሩን አረጋግጡ፤ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሞከር።

ድረ ገጻችን በድንገት «ደህንነቱ አልተረጋገጠም» የሚል ማስጠንቀቂያ ማሳየት የጀመረው ለምንድን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ የድረ ገጹን ትክክለኛነት ለብሮውዘሩ የሚያረጋግጠው የዲጂታል ሰርተፍኬት ጊዜ አልፎ ነው። ቀላል ቢመስልም ከዚህ በኋላ ሊባባስ ይችላል፤ ሰርተፍኬት ሰጪዎችና የብሮውዘር አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2025 በተስማሙት መሠረት የአንድ ሰርተፍኬት ከፍተኛ ዕድሜ ከ398 ቀን ተነስቶ እ.ኤ.አ. ከማርች 2026 ጀምሮ 200፣ በ2027 100፣ በ2029 ደግሞ 47 ቀን ይሆናል። በዓመት አንዴ በእጅ ማደስ ለለመደ መሥሪያ ቤት ይህ ከአቅም በላይ ነው። ተቋራጫችሁ እድሳቱን በራሱ የሚሠራ ሲስተም እንዲዘረጋ ከአሁኑ ጠይቁ።

ጥቃት መድረሱን ብንጠረጥር መጀመሪያ ምን እናድርግ?

ኮምፒውተሩን አታጥፉት፤ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ፣ ዋይፋዩንም ዝጉ። ሲጠፋ በሜሞሪው ላይ ያለው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል፤ ከኔትወርክ ሲለይ ግን አጥቂው እጁ ይቆረጣል፣ ማስረጃው ይቆያል። ጉዳዩን በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል አትጻጻፉበት፤ አጥቂው ኢሜይሉን እያነበበ ሊሆን ይችላል። በስልክ ደውሉ። ከዚያ በኋላ ያያችሁትንና ያደረጋችሁትን ከነሰዓቱ በወረቀት መዝግቡ።

ከባዱ ጥያቄ ቴክኒካዊ አይደለም። የዜጎች አገልግሎት የሚሰጥበትን ሲስተም ለማቆም የሚወስነው ማን ነው? ተቋራጩ በራሱ ካቆመው አገልግሎት አቋረጠ ተብሎ ይከሰሳል፤ ካላቆመው ጥቃቱ ይስፋፋል። ይህ ሥልጣን ለማን እንደተሰጠ፣ ያ ሰው ካልተገኘ ማን እንደሚተካው፣ የሁለቱም ስልክ ቁጥር ታትሞ በወረቀት መቀመጥ አለበት። ቁጥሮቹ በተቆለፈው ሰርቨር ላይ ብቻ ተቀምጠው ስናገኝ ያዘንንበት ጊዜ አለ።

ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጥቃት ከሆነ የሚያድናችሁ ባክአፕ (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) ነው፤ እሱም ከኔትወርኩ የተለየ ከሆነና ከዚህ በፊት ወደ ሥራ ተመልሶ የተሞከረ ከሆነ ብቻ ነው። በየሌሊቱ «ተሳክቷል» የሚል አረንጓዴ ምልክት የሚያሳይ ባክአፕ፣ በተፈለገ ቀን ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በየሦስት ወሩ አንድ እውነተኛ ዳታቤዝ ከባክአፕ አስነስተን ስንት ሰዓት እንደፈጀ ለደንበኛው የምንጽፈው ለዚህ ነው።

ተቋራጩ ሰነዶቻችንን ማየት ይችላል?

ኔትወርኩን ለማስተዳደር የሰነዱን ይዘት ማየት አያስፈልግም፤ ከየት ወደ የት፣ መቼና በምን መጠን እንደሄደ ማወቅ ይበቃል። ሆኖም የሰርቨር አስተዳዳሪ ካሰበበት ማየት ይችላል፤ አይችልም ብንላችሁ ውሸት ይሆናል። መከላከያው ሰነዶቹን ማመስጠርና ቁልፉን በመሥሪያ ቤቱ እጅ ማቆየት፣ የአስተዳዳሪዎችን እንቅስቃሴ መመዝገብ፣ የሚመደቡ ባለሙያዎችን ማንነት አስቀድሞ ማጣራት ነው። ንዑስ ተቋራጮችም በዚሁ ደንብ ሥር መሆን አለባቸው፤ ስማቸውን ጠይቁ።

ውሉ ሲያልቅ ምን እንቀበላለን?

ርክክቡ ውሉ ሲፈረም እንጂ ሲያልቅ አይታሰብም። የመሣሪያ ዝርዝር፣ የኔትወርክ ንድፍ፣ የፋየርዎል ደንቦች ከነምክንያታቸው፣ የሁሉም መሣሪያ ውቅረት፣ ያልተዘጉ ቲኬቶች፣ የሰርተፍኬቶችና የፈቃዶች ማብቂያ ቀን በጽሑፍ ይቅረቡ። የዶሜይን ስሙ፣ የክላውድ አካውንቱና የሶፍትዌር ፈቃዱ በማን ስም እንደተመዘገቡ ዛሬውኑ ተመልከቱ፤ በተቋራጩ ወይም በአንድ ሠራተኛው ስም ከሆኑ ለማዛወር ወራት ሊፈጅ ይችላል። አዲሱና አሮጌው ተቋራጭ ቢያንስ ለ30 ቀናት ጎን ለጎን ይሥሩ፤ በጽሑፍ ያልገባ ብዙ ነገር የሚወጣው በዚያ ጊዜ ነው።

የመጨረሻው ቀን የአካውንቶች መዝጊያ ቀን ነው። የለቃቂው ተቋራጭ ሠራተኞች ስም ዝርዝር፣ ከርቀት የሚገቡበት ቪፒኤን፣ በመሣሪያዎች ላይ የተቀመጡ ቁልፎች፣ ለሶፍትዌር የተሰጡ የአገልግሎት አካውንቶች፣ የሕንፃ መግቢያ ካርዶች አንድ በአንድ ይዘጋሉ። የአገልግሎት አካውንቶቹ በተለይ ይረሳሉ፤ ሰው ስላልሆኑ ማንም «ሄደዋል» አይላቸውም። ተቋራጩ «ሁሉንም ዘግተናል» ብሎ ሲፈርም ፊርማውን ተቀበሉ፤ ከዚያም ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ባለሙያ ከዝርዝሩ ላይ አምስት አካውንቶችን መርጦ፣ የለቀቀው ባለሙያ ባለበት፣ ለመግባት ይሞክር። አምስቱም «መግባት አልተፈቀደም» ብለው ሲመልሱ የርክክብ ሰነዱ ይፈረም።